«ሲስተም የለም» ከሚለው ምላሽ በስተጀርባ፦ የመረጃ ቋት ሰርቨር ጫና እና የጋምቤላ ክልል የዲጂታል አገልግሎት

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆነ በባንኮች አገልግሎት ፈልጎ የሄደ ዜጋ በተደጋጋሚ ከሚሰማቸው ምላሾች አንዱ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ይህ አጭር ምላሽ ብዙ የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠቀልላል። አንዳንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ፣ አንዳንድ ጊዜ የኢንተርኔት መስመር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ኃይሉም መስመሩም እያለ ግን መረጃው የተቀመጠበት ሰርቨር ፕሮሰሰሩ ከአቅሙ በላይ በመጠመዱ ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ መስጠት የሚሳነው ጊዜም አለ። በመስኮቱ ፊት ለቆመው ባለጉዳይ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ይህ ልዩነት ለጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት የተለየ ክብደት አለው። ክልሉ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ በአኝዋ፣ በኑዌር እና በማጃንግ ዞኖች እንዲሁም በኢታንግ ልዩ ወረዳ የተዋቀረ ነው። ከአኮቦ ወይም ከጂካዎ ወረዳ ተነስቶ ጋምቤላ ከተማ ለደረሰ ነዋሪ «ነገ ተመለሱ» የሚለው መልስ የአንድ ቀን መዘግየት ብቻ አይደለም፤ የመጓጓዣ ወጪ፣ የማደሪያ ወጪና ከሥራ የሚቀርበት ጊዜ ጭምር ነው። ስለዚህ የመረጃ ቋት ሰርቨር ለምን እንደሚጨናነቅ፣ መንስኤው እንዴት እንደሚለይ እና በክልሉ ሁኔታ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ መረዳት የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት አሰጣጥ ጉዳይ ነው።

አገልግሎቱ ሲሰፋ ጥገኝነቱም ይሰፋል

ኢትዮጵያ የመንግሥት አገልግሎትን በኔትወርክ የማስተሳሰር ሥራ የጀመረችው በ1990ዎቹ አጋማሽ በወረዳኔት ፕሮግራም ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ይህንኑ ጥረት በአንድ ማዕቀፍ ሥር አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲህ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ ምዝገባ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት የሚመጣውን መደበኛ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የተሰኘ ሥርዓት እስከ ታችኛው መዋቅር ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያቀርበው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል።

ጋምቤላ በዚህ ሂደት ውስጥ ተጨማሪ ኃላፊነት የተሸከመ ክልል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ 96 ነበር። በአሁኑ ጊዜ በክልሉ በሚገኙት የፑኝዶ፣ የኩሌ፣ የጄዊና ሌሎች የስደተኞች መጠለያዎች የሚኖሩት፣ በአብዛኛው ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ቁጥር ብቻውን ከ300 ሺህ ይበልጣል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ኩነቶቻቸውን በአገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥርዓት እንዲያስመዘግቡ ተፈቅዷል። ስለዚህ በክልሉ የሚሰጥ የምዝገባ አገልግሎት ነዋሪውንም ተጠላዩንም የሚያስተናግድ በመሆኑ፣ የሚመዘገበው መረጃ ከአስተዳደር መዋቅሩ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አገልግሎቶች መጨረሻ አንድ ቦታ ነው፤ የመረጃ ቋት። ቀደም ሲል የአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ባይገኝ የሚቆመው የአንድ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። ዛሬ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ቢዘገይ በዚያ የሚገለገሉ ወረዳዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ቅልጥፍናው የመጣው ከመሰብሰብ ነው፤ ተጋላጭነቱም እንዲሁ።

ጫና ሲባል ምን ማለት ነው?

ፕሮሰሰር የሰርቨሩ የስሌት ክፍል ነው። አጠቃቀሙ 90 በመቶ ደርሷል ሲባል ከጊዜው አሥር እጅ ዘጠኙን ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሌሊት የወሩን ሪፖርት የሚያጠናቅር ሰርቨር ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ቢጠቀም የተገዛበትን ሥራ እየሠራ ነው። ችግር የሚሆነው ጫናው ባለጉዳይ በሚስተናገድበት ሰዓት ሲመጣና የመልስ ጊዜው ሲረዝም ነው።

የመልስ ጊዜ የሚረዝመው ደግሞ ከጫናው ጋር እኩል እየሄደ አይደለም። በወረፋ ስሌት ቀላሉ ሞዴል መሠረት፣ አንድ አገልጋይ 50 በመቶ ሲጠመድ አንድ ጉዳይ ወረፋውን ጨምሮ የሚወስደው ጊዜ ሥራው ብቻውን ከሚጠይቀው 2 እጥፍ ነው። 80 በመቶ ሲደርስ 5 እጥፍ፣ 90 በመቶ ሲደርስ 10 እጥፍ፣ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 20 እጥፍ ይሆናል። ከ50 ወደ 80 የተደረገው ጉዞ ብዙም ሳይሰማ ያልፋል፤ ከ90 ወደ 95 የተደረገው ትንሽ ጭማሪ ግን አገልግሎቱን ያንበረክከዋል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ በድንገት ቆመ» የሚለው የተለመደ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመነጨ ነው። ችግሩ የደረሰው በድንገት ቢሆንም የተጠራቀመው ግን ለወራት ነው።

ምርመራው ከየት ይጀመራል?

ሰርቨር ሲጨናነቅ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጡት ሁለት እርምጃዎች አጥፍቶ ማብራት እና ትልቅ ሰርቨር መግዛት ናቸው። የመጀመሪያው ማስረጃውን ያጠፋል፤ ሁለተኛው ማስረጃ ሳይጠብቅ ገንዘብ ያወጣል። የተሻለው መንገድ በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፕሮሰሰሩን የያዘው በእርግጥ የመረጃ ቋቱ ነው ወይ የሚለው ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ፣ ቫይረስ የሚፈትሽ ወይም ሌላ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም አብሮ ሊኖር ይችላል። ሳይፈቀድለት የገባና በሰው ንብረት ክሪፕቶከረንሲ የሚያመርት ጎጂ ሶፍትዌር ሊሆንም ይችላል፤ የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ዋነኛ ምልክት ምክንያቱ የማይታወቅ የፕሮሰሰር ጫና ነው። ይህ ከተገኘ ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚቀርብ የደህንነት ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰርቨሩ እየሠራ ነው ወይስ እየጠበቀ የሚለው ነው። አንዳንድ መለኪያዎች ፕሮሰሰሩ የሚያሰላበትን ጊዜ እና መረጃ ከዲስክ እስኪመጣ የሚጠብቅበትን ጊዜ ለይተው ያሳያሉ። በጋራ በሚሠራበት ክላውድ ላይ ደግሞ የሰርቨሩን ድርሻ ሌላ ተጠቃሚ የወሰደበት ጊዜ ተለይቶ ይታያል። ዲስክ የዘገየበትን ሰርቨር ፕሮሰሰር ቢጨምሩለት ለውጥ አያመጣም።

ሦስተኛው ጥያቄ ጊዜውን የወሰደው የትኛው መጠይቅ ነው የሚለው ነው። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኦራክልም ሆነ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የትኛው መጠይቅ ስንት ጊዜ እንደተጠራና በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደወሰደ የሚመዘግቡበት መንገድ አላቸው። እዚህ ላይ ዓይን የሚስበው እና ትክክለኛው ጥፋተኛ ይለያያሉ። ለምሳሌ አንድ ኃላፊ በቀን አንድ ጊዜ የሚያወጣው ሪፖርት 5 ደቂቃ፣ ማለትም 300 ሰከንድ ቢወስድ ሁሉም ያማርረዋል። በየመስኮቱ የሚቀርብ አንድ ትንሽ መጠይቅ ግን በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ወስዶ በቀን 500 ሺህ ጊዜ ቢጠራ፣ ድምሩ 10 ሺህ ሰከንድ ወይም 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ማንም ያላማረረበት ከተማረሩበት በ33 እጥፍ የከበደ ሥራ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ምን ተቀየረ የሚለው ነው። አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ ተጭኗል? በዘመቻ የተሰበሰበ መረጃ በጅምላ ገብቷል? አዲስ ወረዳ ተቀላቅሏል? የለውጦች መዝገብ የሚይዝ ተቋም ይህን ጥያቄ በደቂቃዎች ይመልሳል። መዝገብ የሌለው ተቋም ግን በማስታወስና በመወቃቀስ ቀናት ያሳልፋል።

በተደጋጋሚ የሚገኙ መንስኤዎች

በመረጃ ቋት ሰርቨሮች ላይ ለሚታይ ከፍተኛ የፕሮሰሰር ጫና ከሁሉ በላይ የተለመደው መንስኤ የኢንዴክስ አለመኖር ነው። ኢንዴክስ ማለት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማህደሮችን የሚያገኝበት የመለያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ካለ ሠራተኛው ቁጥሩን አይቶ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፤ ከሌለ እያንዳንዱን ማህደር እያወጣ ማየት ይኖርበታል። አንድ ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ በኢንዴክስ የሚፈለግ አንድ መዝገብ በ3 ወይም በ4 እርምጃ ይገኛል። ያለ ኢንዴክስ ግን አንድ ሚሊዮኑም ረድፍ ይነበባል። ሥርዓቱ በሙከራ ጊዜ አንድ ሺህ መዝገብ ብቻ ሲኖረው ልዩነቱ አይታይም፤ ስለዚህ ጉድለቱ የሚገለጠው ሥርዓቱ ተመርቆ፣ ባለሙያዎቹ ተመልሰው፣ መረጃው ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ኢንዴክሱ እያለ ጥቅም ላይ አለመዋሉ ነው። የመታወቂያ ቁጥር በጽሑፍ መልክ ተቀምጦ መጠይቁ ግን በአኃዝ መልክ ቢፈልገው፣ አንዳንድ የመረጃ ቋቶች እያንዳንዱን ረድፍ ለመቀየር ይገደዳሉ፤ ኢንዴክሱም ይታለፋል። ሦስተኛው የአሠራር መረጃዎች መዘግየት ነው። የመረጃ ቋቱ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ የሚወስነው ስለ ሠንጠረዦቹ መጠን ባለው ግምት ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ መረጃ ገብቶ ግምቱ ካልታደሰ፣ ለመቶ ረድፍ የሚመች መንገድ ለሚሊዮን ረድፍ ይመረጣል። የእነዚህ ሁሉ መፍትሔ በሰዓታት ውስጥ የሚሠራና ተጨማሪ ዕቃ የማይጠይቅ ነው።

አንድ ትንሽ ስህተት የሚያደርሰው ጉዳት ከሰርቨሮች ብዛት ጋር እንደማይገናኝ ዓለም አቀፍ ልምድም ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2019 ክላውድፍሌር የተባለው ትልቅ የኢንተርኔት ኩባንያ በአንድ የጥበቃ ደንብ ውስጥ ባስገባው አንድ የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር ምክንያት በመላው ዓለም የሚገኙ ሰርቨሮቹ ፕሮሰሰር ተጨናንቆ ለ27 ደቂቃ ያህል በርካታ ድረ ገጾች ተቋርጠዋል። ኩባንያው የሰርቨር እጥረት አልነበረበትም፤ ችግሩ አንድ መስመር ነበር።

የጋምቤላ ልዩ ሁኔታ

እስከዚህ የተዘረዘረው በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነው። በጋምቤላ ግን ሦስት ሁኔታዎች ተጨማሪ ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። በአማርኛ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በጋምቤላ ይህ ችግር ይበልጥ ይሰፋል። አኝዋኛና ኑዌርኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ስሞቹ በአማርኛ ሲመዘገቡ እንደ መዝጋቢው ጆሮ ይለያያሉ። አንዱ «ኦሞድ» ያለውን ሌላው «ኡሞድ» ይለዋል፤ «ጋትሏክ» የተባለው በሌላ መዝገብ «ጋትልዋክ» ሆኖ ይገኛል። የክልሉ ስም ራሱ በእንግሊዝኛ ሰነዶች አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ል» ይጻፋል። መዝጋቢው ስሙን በቀጥታ ሲያጣው «እነዚህ ፊደላት ያሉበትን ሁሉ አምጣ» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ፍለጋ በተራ ኢንዴክስ ሊታገዝ ስለማይችል ሠንጠረዡ በሙሉ ይነበባል። በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ሰርቨሩ ይጨናነቃል።

ጉዳቱ በፍጥነት ብቻ አይወሰንም። ስሙ ያልተገኘለት ሰው እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ድግግሞሹ ሠንጠረዡን ያሳብጣል፤ ቀጣዩ ፍለጋ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በመጠለያ ለሚኖር ስደተኛም ሆነ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ለሚፈልግ ወላጅ «መዝገብዎ አልተገኘም» መባል መብትን እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ ተመዝግቦ፣ ከጎኑ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተጠቃለሉበት የመፈለጊያ ቅጽ በራስ ሰር ይቀመጣል፤ ኢንዴክሱም በዚህ ላይ ይሠራል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፍለጋ በስም ሳይሆን በልዩ ቁጥር እንዲጀመር ማድረግ ነው። የፋይዳ ቁጥር ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር መተሳሰሩ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ይኸው ነው፤ በቁጥር የሚፈለግ ሰው በጥቂት እርምጃ ይገኛል።

ሁለተኛው ሁኔታ ሙቀት ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በበጋው መጨረሻ ወራት የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው የአየር ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ቀድሞ 45 በመቶ የነበረው አጠቃቀም ሥራው ሳይጨምር 90 በመቶ ይሆናል። ከላይ በተጠቀሰው የወረፋ ስሌት መሠረት ደግሞ የአንድ ጉዳይ የመልስ ጊዜ 11 እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰርቨር የሚመረምር ባለሙያ በመጠይቆቹ ውስጥ ምንም ጥፋት አያገኝም፤ ጥፋቱ በተበላሸው የአየር ማቀዝቀዣ ወይም በአቧራ በተደፈነው ማራገቢያ ላይ ነው። ጫናው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚመጣና ማለዳ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከመጠይቁ በፊት የክፍሉን ሙቀት መለካት ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የሥራው መደራረብ ነው። ጋምቤላ ይህን ከታሪኳ ታውቀዋለች። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል በተፈረመው ስምምነት መነሻነት በባሮ ዳርቻ የተቋቋመው የንግድ ጣቢያ ከሱዳን የሚመጡትን የእንፋሎት ጀልባዎች የሚያስተናግደው ወንዙ በሚሞላበት ወቅት ብቻ ነበር። በበጋ የተጠራቀመው ቡናና ሌላው ሸቀጥ የሚጫነው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። የወደቡ አቅም የሚፈተነው በዓመቱ ጠቅላላ ጭነት ሳይሆን በእነዚያ ወራት መደራረብ ነበር።

የዛሬው የመረጃ ጉዞም እንዲሁ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የሚሠራ መዝጋቢ መረጃውን በመሣሪያው ላይ ያጠራቅማል፤ መስመር ሲገኝ ይልካል። የተቋረጠ መስመር ሲመለስ ከየወረዳው የተጠራቀመው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጎርፋል። በዚያው ሰዓት በየመስኮቱ ያሉ ሠራተኞች መልስ ሲዘገይባቸው ደጋግመው ይጫናሉ፤ ሁለት መቶ ሠራተኞች ሦስት ሦስት ጊዜ ቢጫኑ ስድስት መቶ ጥያቄ ይሆናል። ሰርቨሩ ማንም የማይጠብቃቸውን መልሶች ሲያዘጋጅ የሚጠበቁት ይዘገያሉ። ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ የተጠራቀመው መረጃ በተራ እንዲገባ ማድረግ፣ ያልተሳካ ሙከራ ወዲያው ሳይሆን እየጨመረ በሚሄድ የጊዜ ልዩነት እንዲደገም ማድረግ እና በአንድ ጊዜ የሚከፈቱ ግንኙነቶችን መወሰን ነው።

ሰርቨር መግዛት መፍትሔ የሚሆነው መቼ ነው?

ከላይ የተባለው ሁሉ የአቅም ግንባታ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በመርህ ደረጃ በባዮሜትሪክ ላይ የተመሠረተ ምዝገባ እያንዳንዱን አዲስ ተመዝጋቢ ቀድመው ከተመዘገቡት ጋር ማነጻጸር ስላለበት፣ የተመዝጋቢው ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የማነጻጸሩ ጠቅላላ ሥራ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እንዲህ ያለው ዕድገት በመጠይቅ ማስተካከያ ብቻ አይመለስም፤ ተጨማሪ ማሽን ይጠይቃል።

በሌላ በኩል አንዳንድ ከፍተኛ ፍላጎቶች የስሌት ሥራን ጨርሶ አይጠይቁም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን የወሰዱት ተማሪዎች ከ840 ሺህ በላይ ነበሩ። ውጤት ሲገለጽ ተማሪውም ቤተሰቡም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ውጤቱ ግን አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ የማይለዋወጥ ነው። ስለዚህ በየጥያቄው የመረጃ ቋቱን ከማስቸገር ይልቅ ቀድሞ ተዘጋጅቶ በተቀመጠ ቅጂ መመለስ ይቻላል። ውጤትን በድረ ገጽ ብቻ ሳይሆን በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ጭምር ማድረስም ጭነቱን ይከፋፍላል።

በአሜሪካ የጤና መድን መመዝገቢያ የሆነው ሔልዝኬር ዶት ገቭ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ችግሩን ለመፍታት የተጠራው ቡድን ቀድሞ ያደረገው ነገር የሥርዓቱን ሁኔታ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ማዘጋጀት ነበር፤ ቀደም ሲል አልነበረም። ቀጥሎ በብዛት የሚጠየቁ መረጃዎች በጊዜያዊ ማከማቻ እንዲቀመጡ ሲደረግ የገጹ የመልስ ጊዜ ከ8 ሰከንድ ወደ 2 ሰከንድ መውረዱ በወቅቱ ተዘግቧል። ተጨማሪ ማሽንም በኋላ ተጨምሯል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መለካት፣ ማስተካከል፣ ከዚያ መግዛት ነበር።

ይህ ቅደም ተከተል ለኢትዮጵያ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ሰርቨር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። አንዳንድ የንግድ የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ የሚታሰበው በፕሮሰሰሩ ኮሮች ብዛት በመሆኑ፣ ባልተስተካከለ መጠይቅ ምክንያት ኮር መጨመር የዕቃውን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከፈለውንም ወጪ ያሳድጋል። ኢንዴክስ የሌለው ሠንጠረዥ ደግሞ በአዲሱ ሰርቨር ላይም ኢንዴክስ የለውም፤ መረጃው ሲያድግ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ከተቋማት ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው ተግባር ሰርቨሩ ጤናማ በሆነበት ጊዜ መለካት ነው። የዘወትር አጠቃቀሙ፣ የመልስ ጊዜው እና በብዛት የሚጠሩት መጠይቆች ካልታወቁ፣ ችግር በመጣ ጊዜ የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም። ልኬቱ የሰኔ 30 የበጀት መዝጊያን፣ የወር መጨረሻ ሪፖርትንና የክረምቱን የመስመር መቆራረጥ ያካተተ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው በአቅራቢያ የሚገኝ ባለሙያ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያለ አቅራቢ ከርቀት ለመርዳት መስመር ያስፈልገዋል፤ መስመር ደግሞ ችግር በተፈጠረበት ሰዓት ዋስትና የለውም። የክልሉ ቢሮዎች ከጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ተቋማት የሚወጡ ወጣቶችን ከመሣሪያ ጥገና ባለፈ በመረጃ ቋት አስተዳደር ማሠልጠናቸው ከአንድ ተጨማሪ ሰርቨር የሚበልጥ ኢንቨስትመንት ነው። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ መሠረታዊ ዕውቀቱን ለመያዝ ዕድል ይሰጣል። ባለሙያው ከሥልጠናው ጋር ሥልጣንም ያስፈልገዋል፤ መንስኤውን ያየ ሰው ለማስተካከል ሳምንታት የሚወስድ ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ ባለጉዳዩ አብሮት ይጠብቃል።

ሦስተኛው በግዥ ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሥርዓት የሚረከብ ተቋም ሶፍትዌሩ በሺህ መዝገብ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ በሚጠበቀው የመረጃ መጠን እንዲፈተን መጠየቅ ይኖርበታል። የፍተሻ መረጃው ግን የእውነተኛ ሰዎች ቅጂ መሆን የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ የማዋል ኃላፊነትን ይጥላል። ችግር ለመፍታት በሚል የስደተኞችንም ሆነ የነዋሪዎችን መዝገብ ለውጭ አቅራቢ መላክ አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው።

አራተኛው ለባለጉዳዩ የሚሰጠው ምላሽ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። መስመር ተቋርጦ ከሆነ መመለሱን መጠበቅ፣ ሰርቨሩ ተጨናንቆ ከሆነ ደግሞ በወረቀት ተቀብሎ በኋላ ማስገባት ወይም የቀጠሮ ሰዓት መስጠት ይቻላል። መንስኤውን በስሙ የሚጠራ ተቋም ለባለጉዳዩ ትክክለኛ መረጃ ይሰጣል፤ ለራሱም የሚቆጠር መዝገብ ያገኛል። በወር ውስጥ ስንት ጊዜ በኃይል፣ ስንት ጊዜ በመስመር፣ ስንት ጊዜ በሰርቨር ጫና ሥራ እንደቆመ የሚያውቅ ቢሮ በጀቱን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ያውቃል።

ዲጂታል አገልግሎት ወደ ጠረፍ ወረዳዎች ሲደርስ ርቀትን ያሳጥራል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ የሚሆነው ግን መልሱ በሰዓቱ ሲመጣ ነው። መልሱ የሚዘገየው በአንድ ባልተሠራ ኢንዴክስ፣ በአንድ ባልተጠገነ ማቀዝቀዣ ወይም በአንድ ፊደል ልዩነት ከሆነ፣ ይህንን ማግኘትና ማረም በክልሉ ባለሙያዎች አቅም ውስጥ ያለ ሥራ ነው። የሚጠይቀውም አስቀድሞ የመለካት ልማድን፣ የሠለጠነ ሰውንና ለዚያ ሰው የሚሰጥ ኃላፊነትን ነው።